ያለ ጉዳይ

የእኛ አገር በዓል እንደ እንግሊዞቹ ወደ ሰኞ አይገፋም፤ ቀኑ በዋለበት ይዋላል። ሦስት ቀን የተያያዘ ዕረፍት የሚገኘው እንግዲህ በዕድል ነው። በ2006 ዓ.ም. የአርበኞች ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ ሰኞ ዋለ። ፋሲካ አልፏል፣ ጾም የለም፣ የሰርግ ካርድ ግን በሽ ነው። ያኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነበር። ሰርጉን ትቼ፣ አምባሰል ወረዳ ከውጫሌ ወጣ ብሎ የሚያስተምር የልጅነት ባልንጀራዬን ልጠይቅ በሞተር ተነሣሁ።

የሥራ ባልደረቦቼ ምን ሆኖ ነው አሉኝ። ምንም አልሆነም። ታሟል? አልታመመም። እንግዲያው ልጁን ሊድር ነው? ልጁ ገና ሦስተኛ ክፍል ናት። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ሰው ሲሞት በሌሊት አይሱዙ ላይ ተጭነን፣ ብርድ እየገረፈን ሁለት ወረዳ አቋርጠን ለቅሶ እንደርሳለን። ያው ሰው በሕይወት ሳለ ግን «እንገናኝ» እያልን ዓመት እንቆጥራለን። እኔ ለቅሶ መድረስን አልነቅፍም፤ የተቸገረ አይቼዋለሁ፣ ያለ ሰው አይቆምም። ደኅና የሆነን ሰው ለመጠየቅ ሰበብ መፈለጋችን ግን አይገባኝም።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ የሐረጎ ዳገት ግን ርቀቱን በኪሎ ሜትር አያስቆጥርም። ትንሽ ሞተር ይዞ ሐረጎን የሚወጣ ሰው በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ፣ ሹፌሮች «አልቃይዳ» የሚሉት አይሱዙ በመጠምዘዣው ላይ ሽው ብሎ ሲወርድ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው መጠጋት አለበት። ደሴ ላይ ጃኬት ይደረባል፤ ከደሴ ወደ ሐይቅ ሲወረድ ደግሞ ይወልቃል። ፍሬን ሳያቃጥሉ በማርሽ እየያዙ መውረድ ነው። ይህን አውራ ጎዳና የሠሩት በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ናቸው፤ መባረራቸው የሚታሰብበትን ቀን ሰበብ አድርጌ በእነሱ መንገድ መንሸራሸሬ ትንሽ ሳያስቀኝ አልቀረም።

ሐይቅ ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። የተጠበሰ ዓሣ በልቼ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ጎራ አልኩ። ሴት አይገባበትም፤ ሚስቴ ይህን እያነሣች ዛሬም ትሞግተኛለች። ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ተነሥተው እዚህ የደረሱት በ13ኛው መቶ ዘመን ነው። ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ መጥተው እግራቸው ሥር እንደተማሩ ገድሉ ይናገራል። በእግር እኮ ነው። ኢየሱስ ሞዓ ያስጻፉት አራቱ ወንጌል ሰባት መቶ ዓመት አልፎታል። ብዙ አልቆየሁም፤ ፀሐይዋ እየበረታች ነበር።

ከሱሉላ በኋላ አምባሰል ይመጣል። አምባሰልን አብዛኛው ኢትዮጵያዊ በጆሮው ነው የሚያውቀው፤ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በስሙ ይጠራል፣ የማሪቱ ለገሠ ድምፅ ያልደረሰበት ቤትም ጥቂት ነው። ተራራውን በዓይን ሲያዩት ግን ዘፈኑ ከሚለው ይልቅ ጭንቅ ያለ፣ ድንጋዩ የበዛ ነው።

ውጫሌ የደረስኩት ቅዳሜ ሚያዝያ 25 ነበር። ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ በ1881 ዓ.ም. እዚሁ አካባቢ የተዋዋሉት በዚያው ቀን ነው። አሥራ ሰባተኛውን አንቀጽ ያልተማረ ተማሪ ስለሌለ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ አንቶኔሊ እስከ ውጫሌ ድረስ የመጣው ናፍቆት አምጥቶት አይደለም። ያ አገር ጉዳይ የያዘ እንግዳ ምን እንደሚያመጣ ከማንም በፊት አይቷል።

ምናልባትም ለዚህ ይሆናል የባልንጀራዬ ሰፈር ሰዎች በጥርጣሬ ያዩኝ። በገጠር ሞተር የቢሮ ነው፤ የጤና፣ የግብርና፣ ከሁሉም በላይ የብድር ሰብሳቢው። አንድ አዛውንት ሞተሬን ሲያዩ ሰላምታዬን ሳይመልሱ ወደ ጓሮ ገቡ። የባልንጀራዬ እናት ግን ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ምነው ልጄ፣ በኸይር ነው?»

«በኸይር ነው እማማ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፤ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁ።»

አላመኑኝም። መርዶ በቶሎ እንደማይነገር ያውቃሉ። አቦሉ እስኪወርድ ፊቴን ሲያጠኑ ቆዩና ቶናው ላይ ከልጃቸው ጋር ስለ ድሮ መምህራችን አንሥተን ስንስቅ ነው ዱዓ አድርገው የተቀመጡት።

ባልንጀራዬ በስልክ በየወሩ «ደኅና ነኝ፣ አብሽር» ይለኝ ነበር። እንደ ተቀመጥን ግን ሁልጊዜ በስተግራዬ ዞሮ እንደሚቀመጥ አየሁ። ማታ ገበያ ልንሄድ ከኋላዬ ሞተሩ ላይ ተፈናጠጠና የጠየቅኩትን ሁሉ ዝም አለኝ። የሞተሩ ድምፅ ነው ብዬ ነበር። ስንወርድ ጠየቅኩት፤ ግራ ጆሮው መስማት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስልኩን በቀኙ ስለሚይዝ እኔ በምን ልወቅ? ክፍል ውስጥ በግራ በኩል የሚቀመጡ ተማሪዎች ምን ብለው እንደሚጠሩትም ነገረኝና ሁለታችንም ሳቅን። ይህን ቴሌ አይነግርህም። እሱም አይነግርህም፤ ምክንያቱም አንተ የጠየቅከው «እንዴት ነህ» ብለህ ነው፣ መልሱ ደግሞ የታወቀ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ውጫሌንና ሐይቅን አልፎ ደሴ ሲደርስ ያ «ደኅና ነኝ» ራሱ ጠፋ። ስልክ ተቋረጠ። ያን ጊዜ ማን ቤት ውስጥ የት ጋ እንደሚቀመጥ፣ ቢጠሩት የትኛውን ጆሮ እንደሚያዞር የማውቀው በዚያች የሦስት ቀን ጉዞ ነበር። ኅዳር ማለቂያ ላይ ደሴ ስትለቀቅ ወሬያቸውን አገኘሁ፤ ቤተሰቡ ተርፏል።

ሞተሯን ከሸጥኳት ቆየሁ። ቢኖረኝም ዛሬ ሞተር የሚወደድ ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባ ከ2011 ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ አያስነዳም፣ በእኛም በኩል ፀጥታ ሲደፈርስ መጀመሪያ የሚታገደው ሞተር ነው። ኬላ ላይ «ለምን ጉዳይ ነው?» ሲሉህ «ጓደኛ ልጠይቅ» የሚለው መልስ ውሸት ይመስላል። ስለዚህ ዳግም ልሄድ የማስበው በሚኒባስ ነው።

ሳልነግርህ እመጣለሁ ብለው ባልንጀራዬ ተቃወመኝ። እናቱ አርጅተዋል፤ ከጦርነቱ ወዲህ ድንገት በር ሲንኳኳ ይደነግጣሉ። «ደውለህ ና» አለኝ። ልክ ነው፣ እደውላለሁ። ለምን እንደምመጣ ከጠየቁኝ ግን አሁንም የምነግራቸው የለኝም።