ፎቶግራፉ አልዋሸም፤ እኔ ግን ተሳሳትሁ

አባቶቻችን «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ይላሉ። እኔም በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. እንደዚያ ጅብ ሆኜ ነበርና የሆነውን ነግሬ ሐሳቤን ልገልጽላችሁ እወዳለሁ።

በዚያ ሰሞን አትላስ ስለ ተባለው ጅራታም ኮከብ ብዙ ይወራ ነበር። ይህ ጅራታም በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በቺሊ አገር ባለ ቴሌስኮፕ የተገኘ ሲሆን፣ ከፀሐያችን ግዛት ውጭ የመጣ እንግዳ ነው። አንድ ጓደኛዬም በስልክ ፎቶግራፍ ላከልኝ። በጨለማው ሰማይ ላይ ሦስት ብሩህ መስመሮች ይታያሉ፤ ከሥሩም «ሦስት የጠፈር መንኰራኵሮች ናቸው» የሚል ተጽፎበታል። እኔም ሳላመዛዝን ኮተቤ ባለው ቤታችን ለአያቴ አሳየኋት።

አያቴ ጅራታም ኮከብ የጦርነትና የረኀብ ምልክት ነው ሲባል ሰምታ ያደገች ናት። «ልጄ፣ ይህስ ደግ አይደለም» ብላ ሌሊቱን ሙሉ ስትጸልይ አደረች። ታላቅ እኅቴ ሥራ አግኝታ በማግስቱ ወደ ደሴ ልትሄድ የአውቶቡስ ቲኬት ቈርጣ ነበር። አያቴ ግን «ይህ ክፉ ቀን እስኪያልፍ ከደጅ አትወጪም» አለቻት። እኅቴም የአያቴን ቃል መጣስ አልሆነላትም። ሳምንት ዘግይታ ብትደርስ ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ቆያት። እርስዋ እስከ ዛሬ አልወቀሰችኝም፤ እኔ ግን ራሴን እወቅሳለሁ።

ኋላ ፎቶግራፉን ለፊዚክስ መምህራችን ባሳያቸው «ይህ አትላስ አይደለም፤ አይሶን የተባለው ጅራታም ነው። ሀብል የተባለው ቴሌስኮፕ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ያነሣው ነው፤ ያን ጊዜም እንዲሁ መንኰራኵር ነው ተብሎ ነበር» አሉኝ። አይሶንም በኅዳር 19 ቀን 2006 ዓ.ም. በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ተበታትኖ ቀረ።

ታዲያ አንዱ ስለ ምን ሦስት ሆኖ ታየ? በሚያዝያ 1982 ዓ.ም. ወደ ሰማይ የወጣው ሀብል ከምድር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በሰዓት 27,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ፣ በ95 ደቂቃ ገደማ አንድ ጊዜ ምድርን ይዞራል። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚኒባስ ስንሄድ በመስኮት ብንመለከት የመብራት ምሰሶው ወደ ኋላ ይሮጣል፤ ተራራው ግን የቆመ ይመስላል። የሮጥነው ግን እኛ ነን። ለሀብልም ጅራታሙ እንደ ምሰሶው፣ የሩቆቹ ከዋክብት እንደ ተራራው ናቸው። ሀብል ደግሞ የሚሄደው ዙሪያውን ስለ ሆነ የጅራታሙ መንገድ ይጣመማል። ካሜራው ለደቂቃዎች ተከፍቶ ሲቆይ ነጥቡ መስመር ይሆናል። ከዚያም በተለያየ ጊዜ የተነሡት ሥዕሎች ከዋክብቱ እንዲገጣጠሙ ሆነው ሲደራረቡ አንዱ ጅራታም ሦስት መስመር ሆነ።

ቴሌስኮፑ ጅራታሙን ሲከተል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሀብል በሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. አትላስን ሲያነሣ እርሱን ስለ ተከተለ፣ ጅራታሙ በቦታው ረግቶ ሲታይ ከዋክብቱ ጭረት ሆኑ።

ይህን የነገርኋቸው አንዳንድ ጓደኞቼ «እንግዲያውስ ፎቶግራፍ ሁሉ ሐሰት ነው» አሉኝ። እኔ በዚህ አልስማማም። የሀብል መንገድ ከዳር እስከ ዳር 13,800 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። አይሶን ያን ጊዜ ከ600 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ስለ ነበር፣ በዚህ ምክንያት የተዛወረ የሚመስለው ከአንድ ዲግሪ አንድ ሺህኛ ያህል ብቻ ነው። ቢቀርብ ኖሮ መጣመሙ በበዛ፣ ቢርቅ ኖሮ ባነሰ ነበር። ስለዚህ መጣመሙ ራሱ ርቀትን ይናገራል። እኔ መንኰራኵር ያልሁት ነገር ለሚያውቅ ሰው መለኪያ ነበር።

በእንጦጦ ተራራ ራስ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። እነርሱም ቆመው አያዩም፤ ምድር ስትሽከረከር በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ያህል ትወስዳቸዋለች። እኛ የየካ ልጆች ግን ወደ እንጦጦ የምንወጣው ለንግሥ ወይም ለሽርሽር ነው። ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ አንድ ቀን መድቦ ተማሪዎችን ወደዚያ ቢወስድ መልካም ነው እላለሁ። ወላጆች «ለፈተና የሚጠናበት ቀን ይባክናል» ይሉ ይሆናል። ባለማወቅ የባከነው የእኅቴ ሥራ ግን ከአንድ ቀን ይበልጣል።

እስከዚያው ድረስ፣ እንግዳ ፎቶግራፍ ሲደርሳችሁ ለሌላ ከማሳየታችሁ በፊት መቼ እንደ ተነሣ፣ ያነሣው መሣሪያም በምን ላይ ሆኖ ማንን ይከተል እንደ ነበር ጠይቁ።

ባለፈው እሑድ አያቴን በሚኒባስ መስኮት አጠገብ አስቀምጬ የሚሮጠውን ምሰሶና የቆመውን ተራራ አሳየኋት። ጥቂት ዝም ብላ ተመለከተችና «ታዲያ ልጄ፣ ይህን አስቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።