ጋምቤላን የረሳ የወደብ ታሪክ

ባለፈው ሴሚስተር ክፍል ውስጥ «ቅኝ ገዥዎች የነገዱበት የድሮ የወደብ ከተማ ጥቀሱ» ስንባል እጃችንን ያወጣን ሁሉ ምጽዋን ጠራን። ከዚያ ዛንዚባርና ሞምባሳ ተከተሉ። ጋምቤላን ያነሣ ግን አንድ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ቱሪዝም እናጠናለን ለምንለው ይህ ትንሽ ያሳፍራል ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በሱዳን ድንበር ጉዳይ ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ፣ በባሮ ወንዝ ዳር ኢታንግ አካባቢ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ እንዲሰጥ ተስማሙ። ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ዳሩም ርዝመት ከ2,000 ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ጣቢያው በመጨረሻ የተቋቋመው ጋምቤላ ላይ ሲሆን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው።

ባሮ መርከብ የሚችለው በክረምት ሲሞላ ብቻ ነው። ስለዚህ ከካርቱም የሚነሣው የእንፋሎት መርከብ በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል አድርጎ ጋምቤላ የሚደርሰው በዝናቡ ወራት ነበር። ቡናው ከጎሬና ከደምቢ ዶሎ ደጋ በበቅሎና በሰው ትከሻ ይወርድና የወንዙን መሙላት ይጠብቃል። መርከቡ ደግሞ ጨውና ጨርቅ ያራግፋል። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎችም አልቀሩም። እስቲ አስቡት፣ ዝናብ ሲመጣ የሚከፈት፣ በጋ ሲገባ የሚዘጋ ወደብ! እኔን ከምጽዋ ይልቅ ይሄ ይገርመኛል።

ጠመንጃ ያዥ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ይህን ሳወራ ጓደኛዬ «አንተ ደግሞ፣ ቅኝ ተገዝተን ነበር ልትለን ነው?» አለኝ። ኧረ በፍጹም! እንዲያውም ውሉን ለተመለከተ ሰው መልሱ እዚያው አለ። ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል ተከልክሏል። ኪራዩም የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነበር። ሱዳን ታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ምክንያት አበቃና ጋምቤላ በ1949 ዓ.ም. ያለ አንድ ጥይት ለኢትዮጵያ ተመለሰች። በመሃል የኢጣሊያ አምስት ዓመት አለ፤ እሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ቢሆንም ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በገዛ መሬታችን ላይ የእንግሊዝ ሹም ተቀምጦ ነበር። ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም። ነገ አስጎብኚ ሆነን እንግዳ ቢጠይቀን ሁለቱንም ሳናፍር መናገር አለብን።

አሁን ጋምቤላ በጉብኝት መጽሔቶች ላይ ከወጣች የምትወጣው በብሔራዊ ፓርኳና ከደቡብ ሱዳን ጋር በመንጋ በሚመላለሰው ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው። ደግ ነው፣ እንስሳውም ሊታይ የሚገባው ነው። ግን እንግዳው እዚያ ድረስ ከሄደ አይቀር፣ ባሮ ዳር አቁመን ቡናው የተጫነበትን ቦታ ብናሳየው ምን ይጎዳል? ከወንዙ የሚወጣውን ዓሣ እየበላ፣ ከአኙዋና ከኑዌር ሽማግሌዎች ወሬውን ቢሰማስ?

ችግሩ ጊዜው ነው። እንግሊዞች ሳሉ መርከቡን በልጅነቱ ያየ ሰው ዛሬ ሰማንያ ዓመት ደርሷል። ዲፓርትመንታችን ለሚቀጥለው የመስክ ጉዞ ሐሳብ ሲሰበስብ እኔ ጋምቤላ ብዬ እጽፋለሁ፤ መቅረጫ እንደሆነ በየስልካችን አለ።