ልጅዎን የእግር ኳስ አካዳሚ ከማስመዝገብዎ በፊት

ልጅን የኳስ አካዳሚ ለማስመዝገብ ስንሄድ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው «ስንት ዋንጫ በላችሁ?» ወይም «ወርሃዊ ክፍያው ስንት ነው?» ብለን ነው። በእኔ እምነት ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ልጄ መቼ ያርፋል?» መሆን አለበት።

የልጅ አጥንት ገና በማደግ ላይ ነው። አጥንቱ የሚያድግበት ክፍል ለስላሳ ስለሆነ ያለ በቂ እረፍት የሚደጋገም ሩጫና ዝላይ ይጎዳዋል። ቁመቱ በፍጥነት እየጨመረ ያለ ልጅ ከጉልበቱ በታች ወይም ተረከዙ ላይ እየተመላለሰ ካመመው «ሰነፍ» ብለው አይለፉት፤ ያሳክሙት።

እነዚህን ሦስት ነገሮች ይጠይቁ፦

1. ልምምዱ በሳምንት ስንት ሰዓት ነው? የስፖርት ሐኪሞች ከልጁ ዕድሜ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ለ10 ዓመት ልጅ ከ10 ሰዓት በላይ ብዙ ነው። በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይረፍ።

2. ልጁ ጭንቅላቱን ቢመታ ምን ታደርጋላችሁ? ትክክለኛው መልስ «ወዲያው ከሜዳ እናስወጣዋለን፤ ሐኪም ሳያየው አይመለስም» ነው።

3. የሚመደበው በትክክለኛ ዕድሜው ነው? ዕድሜ መቀነስ የታወቀ ችግር ስለሆነ ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስመረምራል። የ12 ዓመት ልጅ ከ16 ዓመት ጎረምሳ ጋር ሲጋጭ የሚሰበረው ትንሹ ነው። እባክዎ እርስዎም የልጅዎን ዕድሜ አይቀንሱ።

በእነዚህ ጥያቄዎች የሚቆጣ አሰልጣኝ ከገጠመዎ ልጅዎን ይዘው ሌላ ሜዳ ይፈልጉ። ዋንጫው ቢዘገይ ይደርሳል፤ ጉልበቱ ግን ዕድሜ ልኩን የሚሄድበት ነው።

ልጅ ላላቸው ወዳጆችዎ ያጋሩ።