የጓሯችን ጤና አዳም

ቡና ሲቀዳ አንድ ዘለላ ጤና አዳም ስኒው ውስጥ ጣል ይደረጋል። ይህ በወሎ የቆየ ልማድ ነው። ቅጠሉ አይብ ያጣፍጣል። ፍሬው ከበርበሬ ጋር ይወቀጣል። ታዲያ ለምን ከገበያ እንገዛለን? ከደጃችን አንድ ክንድ ቦታ ይበቃዋል።

አተካከሉ ቀላል ነው። ከጎረቤት ጓሮ አንድ ቅርንጫፍ እንለምን። አበባ ያላወጣ ይሁን። አንድ ስንዝር ይበቃል። የታች የታቹን ቅጠል እንቀንጥስ፤ ከላይ ጥቂት እንተው። ግማሹን አፈር ውስጥ አስገብተን ዙሪያውን ጠቅጠቅ እናድርገው። የሐራ ፀሐይ ብርቱ ነው። ሥር እስኪይዝ ድረስ ጥላ እንሥራለት። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ጥላውን እናንሣ፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ ይወዳል።

ጠዋት ጠዋት እናጠጣው፤ ግን ውሃ አይተኛበት። ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ መደቡን ከፍ እናድርግ። መሬቱ ጥቁር ከሆነ አሸዋ እንቀላቅልበት። ዶሮ እንዳይጭረውም በእሾህ እንጠረው። ዶሮን ማን ይመክራል!

ሲያድግ ጫፍ ጫፉን ብቻ እንቁረጥ፤ እንደገና ያቆጠቁጣል። ነገር ግን የቅጠሉ ፈሳሽ ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። ውሃ ያቋጥራል፤ ጠባሳውም ጠቁሮ ይቆያል። ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ እንቁረጥ። ከዚያ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይሄ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳም አትጠጣ። ማህፀንን ያነሣሣል፤ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። ተጨምቆ በብዛት ከተጠጣ እናቲቱንም ሊገድል ይችላል። «እናቶቻችን ሲጠጡት ኖረው የለም ወይ?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፣ ጠጥተዋል። ግን ስኒ ላይ የሚሸተው ዘለላና በብርጭቆ የሚጠጣው ጭማቂ አንድ አይደሉም። ላረገዘች ሴት ደግሞ ዘለላውም ቢቀርባት ይሻላል።

ችግሩ፣ እርግዝናዋን ገና ያልተናገረች ሴት አለች። ቡና ላይ ተቀምጣ «ለእኔ ጤና አዳም ይቅር» ብትል ሁሉ ሰው ዞሮ ያያታል። እያፈረች ትጠጣለች። ስለዚህ ቡና የምትቀዳው ሴት ሁሉንም ትጠይቅ። «ጤና አዳም ይግባ ወይስ ይቅር?» ትበል። ወንዱንም፣ አሮጊቷንም፣ ልጃገረዷንም ትጠይቅ። ያን ጊዜ «ይቅር» ያለችውን ማንም አያያትም።

ሕፃን ሆዱን ቆረጠው ተብሎም ጤና አዳም ይጨመቅለታል። ይህን እንተው። ሕፃን 6 ወር እስኪሞላው ድረስ የእናቱ ጡት ይበቃዋል። ለቅሶ ካበዛ፣ አልጠባም ካለ ወይም ካተኮሰው ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ፍሬው ሲደርስ ለቅመን በጥላ እናድርቀው። ለዘር የሚሆነውን ለይተን፣ የቀረውን በብልቃጥ እንክተት። ብልቃጡ ላይ ወረቀት ለጥፈን ስሙን እንጻፍበት፦ ጤና አዳም። አምስት ፊደል ብቻ ነው። ከሥሩም ይህን እንጨምር፦ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።