ካራማራ ላይ የምታስል መኪና

«መኪናዬ ጅጅጋ ከተማ ውስጥ ምንም አትል። ወደ ሐረር ልሄድ ካራማራን ስጀምር ግን ታስላለች፣ ትንገጫገጫለች፣ አቅም ታጣለች። መካኒኩ ሞተሩ ይውረድ ብሎኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?» ይላል አንድ ወጣት አንባቢያችን።

ወንድሜ፣ መኪናህ የቤንዚን ከሆነች ሞተሩን ከማስወረድህ በፊት ካንዴላውን አውርድ! ሜዳ ላይ ደህና የሆነች መኪና ዳገት ላይ የምታስለው ለምን መሰለህ? ነዳጅ ስትሰጣት ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ያኔ ብልጭታው የካንዴላውን ክፍተት ለመዝለል የበለጠ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ያረጀ ካንዴላ፣ የደከመ ቦቢና ወይም የተሰነጠቀ ኬብል ሜዳ ላይ ገመናውን ይሸፍናል፤ ዳገት ላይ ይጋለጣል።

ሥራው የእሁድ ጠዋት ሥራ ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ቁልፉ ይዘጋ። ቦቢና ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ስለሚያመነጭ ሞተር እየሠራ ኬብል መንቀል ጀግንነት አይደለም። የጅጅጋን አቧራ መቼም ታውቀዋለህ፤ ካንዴላውን ከመፍታትህ በፊት ዙሪያውን አራግፍ፣ አለበለዚያ አሸዋው ሲሊንደር ውስጥ ይገባልሃል። ኬብሎቹንም አንድ በአንድ ንቀል፤ ቦታ ከተለዋወጡ ሌላ ጣጣ ነው።

ከዚያ የካንዴላውን ጫፍ ቀለም እይ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል ወይም ብልጭታው ደክሟል። ነጭ ከሆነ ሙቀት በዝቷል። በዘይት ከራሰ ግን መካኒኩ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ መልሰህ ጠይቀው። ክፍተቱንም ለካ፤ ለብዙ መኪኖች ከ0.7 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንተን ከመኪናዋ መጽሐፍ አረጋግጥ። ስትመልሰው በቁልፍ አትጀምር፣ በእጅህ አስገባው። የቴስታታው ጥርስ ከተበላ ያተረፍከውን ብር ጋራዥ ይወስደዋል።

ካንዴላውን ለውጠህም ካሳለች ኬብልና ቦቢናውን አስፈትሽ፤ የነዳጅ ማጣሪያውንም አትርሳ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ ያለችህን ማቆየት ነው የሚያዋጣው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነውና በመታጠፊያው ላይ በምሽት ከመቆምህ በፊት ዛሬውኑ ክፈታት።

ካራማራን በሰላም ውጣ፣ በሰላም ውረድ!