ለእርስዎ ብነግር የት ይደርሳል?

  

በቅርቡ ሞጣ ወደሚገኘው ቤታችን አንዲት እህት ከቢቸና መጣች። በደብረ ወርቅ በኩል የሚያገናኘንን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ለቡና ብቻ ተነሥተው የሚመጡበት መንገድ አይደለም። እስከ ሁለተኛው ድረስ ስለ ልጆቿና ስለ ጤፍ ዋጋ አወራችኝ። በረካው ሲቀዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “እትዬ፣ እዚህ የሚያውቁት ጠበቃ ይኖራል?” አለችኝ።

“ቢቸና ጠበቃ ጠፋ እንዴ?”

“አልጠፋም። ግን ቢሮው በር ላይ ያየኝ ሰው ማታውኑ ለባሌ ያደርስልኛል።” ጥቂት ዝም አለችና ደግሞ፣ “ለመሆኑ ለእርስዎስ ብነግር የት ይደርሳል?” አለችኝ።

ጥያቄዋ አስደነገጠኝ። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ። ጉዳይዋን ግን አልነግራችሁም።

በእኛ መካከል ጠበቃ ጋ መሄድ የእምነት ጉድለት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሽማግሌ እያለ፣ መጋቢ እያለ ወደ ሕግ ሰው መሄድ ቤት ማፍረስ ነው ይላሉ። ጳውሎስ ወደ ቄሣር ይግባኝ ሲል (የሐዋርያት ሥራ 25) እምነት ጎድሎት ነበርን? ቃሉንም ተመልከቱት፤ ጠበቃ “ጠበቀ” ከሚለው የመጣ ነው። ምን ይጠብቃል? መብትን ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ነገር ግን ሌላም የሚጠበቅ ነገር አለ። ይህን ያስተዋልኩት የአንዲት የታወቁ ጠበቃና የአንዲት ባለጉዳይ ታሪክ ሳነብ ነው።

ጠበቃዋ ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። የተወለዱት አሶሳ ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቀው በከፍተኛ ፍርድ ቤት በዳኝነት ሠርተዋል፤ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅም በአማካሪነት አገልግለዋል። በ1987 ዓ.ም. ከሙያ እህቶቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ፤ ማኅበሩም ገንዘብ ለሌላቸው ሴቶች በነፃ ይሟገት ጀመር። ያኔ ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤቱ የበላይ አድርጎ፣ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር የሚፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ወጥቶ የጋብቻ ዕድሜ 18፣ የባልና የሚስት መብትም እኩል ሆነ። (ይህን እስከ ዛሬ ያልሰማ ባል በቢቸናም በሞጣም ገበያ አይጠፋም። ሚስቱም አልነገረችው ይሆናል!) ለዚህ ለውጥ ከደከሙት አንዱ ይኸው ማኅበር ነው። ወ/ሮ መዓዛ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዚህ ቦታ ከእርሳቸው በፊት ሴት አልተቀመጠችም ነበር። እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. አገልግለዋል።

ባለጉዳይዋ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። በግድ የደፈራትን ሰው፣ ልታመልጥ ስትል በራሱ ጠመንጃ ተኩሳ ገደለችው። ጠለፋ በአገሩ እንደ ባህል በሚታይበት በዚያ ጊዜ፣ የ1949ኙ የወንጀል ሕግ እንኳ ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ካገባት ከክስ ነፃ ያደርገው ነበር። እርሷ ግን በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ማኅበሩ ጉዳዩን ይዞ ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ጠላፊን በጋብቻ ነፃ የሚያወጣው ድንጋጌም በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ቀረ። ልጅቷ ግን በነፃ ተለቀቀች እንጂ ወደ መንደሯ ተመልሳ መኖር አልቻለችም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በዚህ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ “ድፍረት” የተባለ ፊልም ተሠራ። በውጭ አገር ተሸለመ፣ ተጨበጨበለት። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሊታይ ሕዝቡ ከተቀመጠ በኋላ ከፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ መጣ። አቤት ያለችው ራሷ ባለታሪኳ ነበረች፤ ታሪኬን ያለ ፈቃዴ ወሰዱብኝ ብላ። ፊልሙን የሠሩት ወ/ሮ መዓዛ አይደሉምና ወቀሳዬ በእርሳቸው ላይ አይደለም። ፊልሙም ለብዙ ሴቶች ልጆች እንደጠቀመ አምናለሁ። ነገር ግን ያቺ ሴት ከሕይወቷ ከባዱን ቀን ሺህ ሰው ሲያየው ምን ተሰማት? እኔ ይህን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ ብሎኝ መጽሔቱን ዘጋሁት።

ከዓመታት በፊት በእህቶች ኅብረት ስለ ይቅርታ ሳስተምር፣ አንዲት እህት ሌሊት ቤቴ መጥታ ያወራችኝን ምሳሌ አድርጌ ተናገርኩ። ስሟን አልጠራሁም። “ባሏ ሾፌር የሆነ፣ የሦስት ልጆች እናት” ብቻ ነው ያልኩት። ሞጣን ለምታውቁ ግን ይህ ስም ከመጥራት አይተናነስም። ደግሞ በደንብ ነበር የተናገርኩት፤ ሰው አለቀሰ። እርሷ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበረች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት አልመጣችም። ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፤ እርሷም ይቅር ብላኛለች። ሌሊት ግን መጥታ አታውቅም።

እንግዲህ ጠበቃ ከእኔ የሚለይበት አንዱ ነገር ይህ ነው። የባለጉዳዩን ምሥጢር እንዲጠብቅ ሙያው ያስገድደዋል፤ ቢያወጣ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 399 በሥራው ያወቀውን ምሥጢር የሚያወጣን ሰው ተበዳዩ አቤት ሲል ይቀጣል፤ ጠበቆችንና ሐኪሞችን ይዘረዝራል። ከእነርሱ ጋር በዚያው ዝርዝር ውስጥ ማን እንዳለ ታውቃላችሁ? የሃይማኖት አገልጋይ! ይህን ለባለቤቴ ሳነብለት መነጽሩን አውልቆ፣ “እስቲ ድገሚው” አለኝ።

ጠበቃ ጋ ለምትሄዱ ጥቂት ልበል። ለራሳችሁ ጠበቃ ሙሉውን እውነት ንገሩት፤ የደበቃችሁትን ከተቃራኒ ወገን አፍ ፍርድ ቤት ውስጥ ሲሰማ ምንም ሊረዳችሁ አይችልም። ከባላችሁ ወይም ከሚስታችሁ ጋር ተከራክራችሁ ከሆነ ያው አንድ ሰው ለሁለታችሁ ጠበቃ ሊሆን አይገባም፤ ወዳጅነት ወይም ዝምድና እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁት። ውክልና ከመፈረማችሁ በፊት ቃል በቃል አስነብቡት፤ መሸጥና መስማማት የሚሉ ቃላት ካሉ ቆም በሉ። ክፍያውንም በጽሑፍ አድርጉት። የጋብቻ ወረቀታችሁንና የመሬት ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቤተ ክርስቲያን ተጋብታችሁ በክብር መዝገብ ያላስመዘገባችሁ ካላችሁ፣ በሰላሙ ጊዜ ሁለታችሁ አብራችሁ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ደብተሩ ላይ የሁለታችሁም ስም መኖሩን አሁኑኑ አውጥታችሁ እዩ።

ያቺን የቢቸና እህት እዚህ አንድ ጠበቃ ጋ አደረስኳት። እኔ ውጭ በረንዳው ላይ ጠበቅኩ። ስትወጣ ምን አለሽ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ እርሷም አልነገረችኝም።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት በስልክ አነበብኩላት። ቢቸና ማለቴን ፈቀደች፤ ስለ ልጆቿ ከጻፍኩት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አስወጣችኝ።