ኮማንዶው በየት በር ይግባ?

ለመሆኑ ሰው ታገተ በተባለ ቁጥር «ኮማንዶ ይላክና ያስለቅቃቸው» የምንለው ከምን ተነስተን ነው? እኔ ከሲኒማ ይመስለኛል። በሲኒማው ገመድ ይወርዳል፣ በር ይሰበራል፣ ታጋቹ እያለቀሰ ይወጣል። በሩ ከሌለስ?

ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ትምህርት ዘግተው ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ዳባትንና ጎንደርን አልፈው፣ ዓባይን ተሻግረው፣ አዲስ አበባ ለመግባት ከ200 ኪሎ ሜትር ያነሰ ሲቀራቸው ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታጣቂዎች አስቆሟቸው። ከመቶ በላይ ሰው ታግቶ ተወሰደ። ወዲያው የየቤቱ ስልክ መጮህ ጀመረ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር አምጡ! ሰንበትበት ብሎ የኦሮሚያ ክልል መንግሥት ከ167 ታጋቾች 160ዎቹ በጸጥታ ኃይሎች ዘመቻ ተለቀቁ አለ። ቤተሰቦች ደግሞ ልጆቻችን ዛሬም በአጋቾች እጅ ናቸው አሉ። ማንን እንመን? እኔ ስልክ የሚደወልላትን እናት አምናለሁ።

የኮማንዶ ወዳጆች ኢንቴቤን ይጠቅሱልናል። ይሁን። በፈረንጆች 1976 እስራኤሎች ኡጋንዳ ወርደው ከመቶ በላይ ታጋቾችን ይዘው ተመለሱ። ነገር ግን ታጋቾቹ የነበሩት በአንድ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ሕንፃውን የሠራው የእስራኤል ኩባንያ ነው፤ ቀድመው የተለቀቁትም ያዩትን ሁሉ ተናግረዋል። በዚያች ሌሊት ካምፓላ ሆስፒታል ተኝተው የነበሩት አሮጊት ዶራ ብሎክ ግን አልዳኑም፤ ኋላ ተገደሉ። ስሙ የገነነው ኮማንዶ ከሕንፃው ውጪ የነበሩ አንዲት ሴት ማዳን ካልቻለ፣ ጫካ ለጫካ የሚነዱ ልጆችን እንዴት አድርጎ ይሰበስባል? አሜሪካኖቹማ በ1980 ቴህራን ሳይደርሱ በረሃ ላይ 8 ሰው አጥተው ተመለሱ። ታጋቾቻቸው የተፈቱት በ1981፣ በአልጄሪያ አሸማጋይነት ነው።

ሩቅ መሄድም የለብንም። በ1847 ዓ.ም. ስሜን ውስጥ፣ ደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ፈረንጆችን ባሰሩ ጊዜ ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ መጣ። መቅደላ የተሰበረችው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ቆንስሉ ካሜሮንና መልእክተኛው ራሳም ግን ከዚያ በፊት፣ ከእሮጌው ውጊያ በኋላ፣ በንጉሡ ፈቃድ ተለቅቀው እንግሊዝ ሰፈር ገብተው ነበር። የጦሩ ማስፈራት አልሠራም አልልም፤ በር ሰብሮ ያወጣቸው ወታደር ግን የለም።

ወታደሩን ማጣጣሌ አይደለም። ልጆቹ በተማሩበት አገር፣ ከሊማሊሞ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው የኢትዮጵያ ገደል ለፈላጊ ሳይሆን ለተደባቂ እንደሚያደላ ያውቃል። የሄሊኮፕተር ድምፅ ከሄሊኮፕተሩ ቀድሞ ይደርሳል፤ ታጋች ለመግደል ደግሞ አንድ ጥይት ይበቃል።

ስለዚህ ስለ ኮማንዶ የሚነገረን ሁሉ ከእገታው በኋላ ያለውን ነው። ከዚያ በፊት በዋናው አስፋልት ላይ አውቶቡሶቹን ያጀበ ማን ነበር? ሲም ካርድ ስናወጣ መታወቂያ የምንጠየቀው እኛ ነን፤ ታዲያ ቤዛ ጠያቂው ከየትኛው ማማ ሥር እንደደወለ ለምን አይጠየቅም? ዩኒቨርሲቲው የተማሪዎቹን ስም ከነአባታቸው መዝግቦ ይዟል። «ዘመቻው ተሳክቷል» የሚል ሹም ያን መዝገብ ዘርግቶ፣ ማን ገባ፣ ማን ቀረ፣ በስም በስሙ ለየቤተሰቡ ያንብብ።